እጅ ሲነሳ የሚጠፋ የጋዝ ምድጃ፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ መለየትና ማስተካከል

በርነሩ ይለኮሳል፣ ሰማያዊው እሳት ዙሪያውን ይይዛል፣ ማዞሪያውን ሲለቁት እልም ይላል። ደግመው ይለኩሱታል፤ ደግሞ ይጠፋል። ይህ ሲደጋገም ብዙ ሰው በቀጥታ መለዋወጫ ፍለጋ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ማዞሪያውን በአንድ እጁ ተጭኖ እንደያዘ በሌላው ወጡን ያማስላል። ሁለቱም አያዋጡም። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስወጣል፤ ሁለተኛው ምድጃው ሰውን ለመጠበቅ የተሠራበትን ዘዴ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

እንዲህ የሚያደርግ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። እሳት መኖሩን የሚያረጋግጥለት ምልክት ስላልደረሰው ጋዙን ይዘጋል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። የእኛ ሥራ ምልክቱ የት ላይ እንደቀረ ማግኘት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘውም በጥርስ ብሩሽ፣ በጨርቅና በጥቂት ትዕግሥት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ምድጃው ጠፍቶ ሳለ ጋዝ የሚሸትዎ ከሆነ የዚህን ጽሑፍ ቀሪ ክፍል ለሌላ ቀን ያቆዩት። የሲሊንደሩን ቫልቭ ወይም የመስመሩን ዋና መዝጊያ ይዝጉ። በርና መስኮት ይክፈቱ። ክብሪት አይጫሩ፤ መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ የማብሪያና ማጥፊያው ጥቃቅን ብልጭታ ጋዙን ለማቀጣጠል ይበቃልና። ስልክ መደወል ካስፈለገ ከቤት ወጥተው ይደውሉ።

በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ስለዚህ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከመደርደሪያ ሥርና ከጥግ በቀላሉ አይወጣም። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል። ሁለቱም በራሳቸው ሽታ የላቸውም፤ የሚሸትዎ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመርባቸው ኬሚካል ነው።

በሙከራው መካከልም ይህን አይርሱ፦ እሳቱ በጠፋ ቁጥር ማዞሪያውን ወደ መዝጊያው መልሰው አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። በተከታታይ እየሞከሩ የተጠራቀመ ጋዝ ላይ ብልጭታ መስጠት ቅንድብ ያስልሳል።

ምድጃው እሳት መኖሩን እንዴት ያውቃል?

ይህን ክፍል ዘለው ወደ ጽዳቱ አይሂዱ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ከማዞሪያው ጀርባ በስፕሪንግ ኃይል ሁልጊዜ ወደ መዘጋት የሚገፋ ትንሽ ቫልቭ አለ። ማዞሪያውን ወደ ውስጥ ሲጫኑ ቫልቩን የሚከፍተው የጣትዎ ጉልበት ነው። በበርነሩ ጎን ደግሞ የክብሪት እንጨት የሚያህል አጭር የብረት ዘንግ ቆሟል፤ ቴርሞካፕል ይባላል። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፋቸው ላይ ተገናኝተዋል። ጫፉ በእሳት ሲግልና ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ሲሆን በሙቀቱ ልዩነት ምክንያት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ክስተቱን ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር ያስተዋለው። ባትሪም ሆነ መሰኪያ አያስፈልገውም፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት እንኳ ይሠራል።

የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ወይም በሽቦ ተጉዞ ቫልቩ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ይደርሳል። ማግኔቱም እርስዎ በጣትዎ የከፈቱትን ቫልቭ ይዞ ያቆያል። ልብ ይበሉ፤ ይዞ ያቆያል እንጂ ስቦ አይከፍትም። ለዚያ የሚበቃ ጉልበት የለውም። ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ካልተጫነ ቫልቩ ከማግኔቱ ጋር አይገናኝም፤ ካልተገናኘ ደግሞ ቴርሞካፕሉ ቢግል ባይግል ለውጥ የለውም።

ኤሌክትሪኩም እጅግ ትንሽ ነው። ጤነኛ ቴርሞካፕል ሲግል የሚሰጠው 20 ወይም 30 ሚሊቮልት ያህል ነው። የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ባትሪ 1,500 ሚሊቮልት እንደሚሰጥ ሲያስቡ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። በሌላ መሣሪያ ላይ ከቁም ነገር የማይገባ ቅባት፣ ጥቀርሻ ወይም ትንሽ የላላ ዳዶ እዚህ ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር ይችላል።

እሳቱ የሚጠፋው መቼ ነው?

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ምድጃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩሰው ዝም ብለው ይመልከቱ። የሚጠፋበት ቅጽበት የችግሩን ግማሽ ይነግርዎታል።

ማዞሪያውን እንደተጫኑ እሳቱ ደህና ይነድና እጅ ሲነሳ ወዲያው ከጠፋ፣ ጉዳዩ ያለው በቴርሞካፕሉ፣ በመገናኛው ወይም በማግኔቱ ላይ ነው። ከደረጃ 1 ይጀምሩ።

ማዞሪያውን ሙሉ በሙሉ ተጭነው እንደያዙም የሚጠፋ ከሆነ ግን ቴርሞካፕሉን ይተዉት፤ ከደሙ ንጹሕ ነው። ጣትዎ ቫልቩን ከፍቶ እያለ እሳቱ የጠፋው ጋዙ ወይም አየሩ በትክክል ስላልደረሰ ነው። ወደ ደረጃ 2 እና 3፣ ከዚያም ስለ ሲሊንደሩ ወደተጻፈው ክፍል ይለፉ። ሰዎች ያለ ጥፋቱ ቴርሞካፕል የሚቀይሩት ይህን ልዩነት ሳያዩ ሲቀሩ ነው።

ከፍ ብሎ ሲነድ ቆይቶ ዝቅ ሲያደርጉት ብቻ የሚጠፋ፣ ድስት ሲቀመጥበት ብቻ የሚጠፋ፣ ከብዙ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ፣ እነዚህ ሦስቱ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ወደ ታች እንመጣባቸዋለን። ሁሉም በርነሮች በአንድ ጊዜ እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ደግሞ አራት ቴርሞካፕል በአንድ ቀን አይሞትም፤ ምንጩን ይመርምሩ።

አሁን ደግሞ ምድጃዎ ይህ መጠበቂያ እንዳለው ያረጋግጡ። ለኩሰው ማዞሪያውን ምንም ሳይዙ እሳቱ ወዲያውኑ የሚቀጥልበት ምድጃ፣ በበርነሩም ጎን ምንም ዘንግ ከሌለው፣ ቴርሞካፕል የለውም ማለት ነው። ብዙ አሮጌና ቀላል የጠረጴዛ ምድጃዎች እንዲህ ናቸው። በእነዚህ ላይ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙ አይዘጋም፤ መፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ እሳቱ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ድስት ጥደው ከአጠገቡ አይራቁ።

ደረጃ 1፦ አጫጫኑን ያስተካክሉ

ማዞሪያውን ከእንግዲህ አልገባም እስኪል ይጫኑት፣ ወደ ከፍተኛው እሳት ያዙሩት፣ ይለኩሱ። ከዚያ ሳይለቁ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ይቁጠሩ። ምድጃው አሮጌ ከሆነ ወይም ቤቱ ከቀዘቀዘ 15 ይድረሱ። ሲለቁ ጣትዎን በቀስታ ያንሱ፤ በድንገት መልቀቅ ቫልቩን ያነቃንቀዋል። በለዘብታ ተጭኖ ሁለት ሴኮንድ የሚጠብቅ ሰው ምድጃው የተበላሸ ይመስለዋል።

በትክክል ተጭነውም ካልያዘ ማዞሪያውን ወደ ራስዎ ስበው ያውጡት። አብዛኛው ያለ ብሎን ይወጣል። ከሥሩ የደረቀ ዘይትና የምግብ ፍርፋሪ ቢያገኙ አይደነቁ፤ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ነው። ጠርገው ያጽዱት። ማዞሪያውን ሳይመልሱ፣ ወጥቶ የሚታየውን ዘንግ በፒንሳ ለስለስ አድርገው ያዙሩትና በጣትዎ ተጭነው ይለኩሱ። በዚህ መንገድ እሳቱ ከቆየ ጥፋተኛው ማዞሪያው ነው፤ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ወይ ከሌላ ምድጃ የመጣና የሚያጥር ነው።

ደረጃ 2፦ ክዳኑን መልሰው ያስቀምጡ

ምድጃው ታጥቦ በማግሥቱ የጀመረ ችግር ከሆነ ከዚህ በላይ ሩቅ አይሂዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተመለሰ የበርነር ክዳን በትክክል አይቀመጥም።

በርነሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል ነው፦ ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ቀለበትና ከላይ የሚደፋው ክዳን። ቀለበቱ ከሥሩ ጥርስ ወይም ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ ቴርሞካፕሉና ብልጭታ ሰጪው በተዘጋጀላቸው ክፍተት በኩል እንዲያልፉ የሚያደርገው እሱ ነው። ጥቂት ዞሮ ከተቀመጠ እሳቱ ከቴርሞካፕሉ ይሸሻል። ክዳኑን ካስቀመጡ በኋላ በጣትዎ ጫፍ ነካ ያድርጉት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አልገባም። መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት በርነሮች ካሉ ክዳኖቹ ተለዋውጠው እንዳይሆን ደግሞ ይመልከቱ።

ውኃም ሌላው ምክንያት ነው። በቀለበቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ ጠብታ እሳቱን ይቆራርጠዋል። አራግፈው፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይመልሱት።

ደረጃ 3፦ የእሳት ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ

ለኩሰው ማዞሪያውን እንደያዙ ቀለበቱን በዙሪያው ይዩት። እሳቱ ሙሉ ክብ ሠርቷል? ወይስ አንድ ቦታ ላይ ጥርሱ እንደወለቀ ማበጠሪያ ክፍተት አለው? ክፍተቱ በቴርሞካፕሉ በኩል ከሆነ መንስኤውን አገኙት ማለት ነው፤ ሌላው ቀዳዳ ሁሉ ቢነድ ለቴርሞካፕሉ አይጠቅመውም።

ጋዙን ዘግተው በርነሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና ቀለበቱንና ክዳኑን ያውጡ። በሞቀ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፏቸው፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጓቸው። የተዘጉትን ቀዳዳዎች በመርፌ ወይም በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ይክፈቱ። ግቡ ቆሻሻውን ማውጣት ነው፤ ቀዳዳውን ማስፋት አይደለም። ብዙ ቀለበቶች ከአልሙኒየም ስለሚሠሩ ለምጣድና ለምድጃ ውስጥ ዝገት የሚሸጡ ኃይለኛ ማጽጃዎችን አይጠቀሙ፤ ያጠቁሩታል፣ ይበሉትማል።

ቀለበቱ ሲነሳ ከሥሩ መካከል ላይ ትንሽ የናስ ጫፍ ይታይዎታል፤ ጋዙ የሚወጣበት ኖዝል ነው። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የፈሰሰ ወተት ወይም ወጥ በቀላሉ ይዘጋዋል። እጅግ ቀጭን በሆነ ሽቦ በጥንቃቄ ያጽዱት። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አይክተቱበት፤ ጫፉ ውስጡ ተሰብሮ ከቀረ ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆናል። ምድጃው ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቆይቶ ከሆነ ከኖዝሉ ወደ ቀለበቱ የሚወስደውን ቱቦም ይመልከቱ፤ ሸረሪት እዚያ ውስጥ ድር መሥራት ትወዳለች።

ደረጃ 4፦ የቴርሞካፕሉ ጫፍ

መጀመሪያ ይለዩት። በበርነሩ ጎን ሁለት ነገሮች ቆመው ሊያገኙ ይችላሉ። ነጭ ሸክላ የለበሰውና ከጫፉ ቀጭን ሽቦ ብቅ ያለው ብልጭታ ሰጪው ነው። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው፣ ጫፉ ክብ ወይም ሾጠጥ ያለው ቴርሞካፕሉ ነው።

ምድጃው ቀዝቅዞ እያለ ጫፉን በቅርበት ይዩት። ጥቁር ጥቀርሻ፣ የደረቀ የምግብ ቅርፊት ወይም የሚያብረቀርቅ የዘይት ሽፋን ካለ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ቶሎ አይዘልቅም። በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ካልለቀቀ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርገው ይሹት። እያንዳንዱን ምት ከሥር ወደ ጫፍ ይስቡት፤ ጎንዮሽ ከገፉት ዘንጉ ከቦታው ይንሸራተታል። ብረቱ ሲታይ ያቁሙ። ማብረቅረቅ አይጠበቅበትም፤ በእሳት የቆየ ብረት ጠቆር ማለቱ ያለ ነው።

አሁን ወደ አቀማመጡ። መብራቱን ቀነስ አድርገው ይለኩሱና ማዞሪያውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ከጎን ይመልከቱ። ሰማያዊው እሳት የዘንጉን የላይኛውን ጫፍ ማቀፍ አለበት። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ጫፉ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ሲግል ያዩታል። እሳቱ በዘንጉ አናት ላይ የሚያልፍ ከሆነ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ በጎኑ የሚያልፍ ከሆነ ዘንጉ ተጣሟል ወይም ቀለበቱ ዞሯል። ዝቅ ያለውን ዘንግ ከሥር የያዘችውን ትንሽ ዳዶ ወይም ቅንጥብ አላልቶ ከፍ ማድረግና መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። የተጣመመውን በጣት ያቃኑት። በፒንሳ መቆልመም ውስጡን ይሰብረዋል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ።

በእኔ ግምት ወደዚህ ደረጃ ከደረሱት ችግሮች ብዙዎቹ እዚሁ ያበቃሉ።

ደረጃ 5፦ ከሥር ያለው መገናኛ

እስካሁን ያለው ከላይ የሚሠራ ነበር። ከዚህ በኋላ የምድጃው ክዳን ይነሳል። የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ ምድጃው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ካለው ይንቀሉ። የድስት ማስቀመጫዎቹን፣ ቀለበቶቹንና ማዞሪያዎቹን አውጥተው ብሎኖቹን በካቻቪቴ ይፍቱ። የቆርቆሮው ጠርዝ ስለሚቆርጥ ጓንት ያድርጉ። ክዳኑንም በኃይል አይንቀሉት፤ ከሥሩ የተያያዘ ሽቦ ሊኖር ይችላል።

ከቴርሞካፕሉ የወጣውን ቀጭን ቱቦ ወይም ሽቦ እስከ ቫልቩ ድረስ በዓይንዎ ይከተሉ። እዚያ የሚገናኘው በትንሽ ዳዶ ወይም በሚሰካ ጆሮ ነው። የሚሰካ ከሆነ ነቅለው በደረቅ ጨርቅ አጽድተው አጥብቀው ይሰኩት። በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ይፍቱት፤ በጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ነጥብ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በእጅዎ እስኪይዝ ካሰሩት በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ውስጥ ያለውን ስስ መከላከያ ያደቅቀዋል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ ማግኔቱ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

ይህ መገናኛ ጋዝ የሚያልፍበት አይደለም፤ በብዙዎቹ ምድጃዎች ላይ ሲፈታ ጋዝ አይወጣም። ጋዝ የሚያልፍባቸውን ሌሎች መገናኛዎች ግን አይንኩ።

ደረጃ 6፦ አቀያይሮ መፈተሽ

ቴርሞካፕሉ ነው ወይስ ማግኔቱ? ምንም መለኪያ ሳይገዙ ይህን የሚለዩበት ጥሩ ዘዴ አለ። ከአጠገቡ ያለውን ደህና የሚሠራ በርነር ቴርሞካፕል ጫፍ ከቫልቩ ፈትተው፣ ርዝመቱ ከደረሰ፣ በችግረኛው በርነር ቫልቭ ላይ ይሰሩት፤ የችግረኛውንም በደህናው ላይ። አሁን ችግሩ ወዴት እንደሄደ ይዩ። ሙከራው ጥቂት እጅ ያጋጫል፤ የአንዱን ማዞሪያ ተጭነው የሌላውን በርነር ማጋል ስለሚኖርብዎ ሁለቱን በርነሮች በአንድ ላይ ለኩሰው ማዞሪያቸውን በሁለት እጅዎ ይያዙ፤ ከዚያ አንዱን ከሌላው በኋላ ይልቀቁ። ቴርሞካፕሉ ተነቅሎ መዛወር የሚችል ከሆነ ግን ዘንጉን ራሱን ከነቱቦው ማቀያየር ይቀላል።

ደህና የነበረው ቫልቭ አሁን የማይይዝ ከሆነ ቴርሞካፕሉ ደክሟል። ደህናው ቴርሞካፕል መጥቶለትም ያው ቫልቭ የማይይዝ ከሆነ ማግኔቱ ወይም ቫልቩ ነው።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው በቁጥር ማረጋገጥ ይችላል። መለኪያውን በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ (DC) የ200 ሚሊቮልት መስመር ላይ ያድርጉ። አንዱን መንኪያ በጫፉ ነጥብ ላይ፣ ሌላውን በመዳብ ቱቦው አካል ላይ ያኑሩ፤ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ በሁለቱ ጫፎች ላይ። የዘንጉን ጫፍ በሲጋራ መለኮሻ እሳት እስከ አንድ ደቂቃ ያግሉት። ቁጥሩ እየወጣ ወደ 20 ከተጠጋ ወይም ካለፈ ጤነኛ ነው። 10 እንኳ ካልደረሰ ይቀየር።

አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ። መመሳሰል ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የቱቦው ርዝመት፣ ወደ ቫልቩ የሚገባው ጫፍ ዓይነት፣ ዘንጉ በበርነሩ ላይ የሚታሰርበት መንገድ። ርዝመቱ ትንሽ ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ትርፉን ሰፋ ባለ ክብ ይጠቅልሉት እንጂ አያጥፉት።

ጥፋቱ የቫልቩ ከሆነ እዚህ ላይ መፍቻውን አስቀምጠው ባለሙያ ይጥሩ። ቫልቩ ጋዝ የሚያልፍበት ዕቃ ነው፤ በትክክል ካልታሸገ የሚያስከትለው ጣጣ ከማይቆይ እሳት እጅግ ይብሳል።

ዝቅ ሲደረግ ብቻ የሚጠፋ

እሳቱ በዝቅተኛው ልክ ላይ ቴርሞካፕሉን መንካት ካልቻለ ዘንጉ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዝና ማግኔቱ ይለቃል። መጀመሪያ ደረጃ 3 እና 4ን ይድገሙ፤ በከፍተኛ እሳት የማይታወቅ የተደፈነ ቀዳዳ በዝቅተኛው ላይ ራሱን ያጋልጣል። ካልተሻለ፣ ማዞሪያው ሲወጣ ማዞሪያው በሚገባበት ዘንግ ጎን ወይም ውስጥ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ የዝቅተኛውን እሳት መጠን የምትወስነው እሷ ናት። በተፈጥሮ ጋዝ ላይ በጥቂቱ እየዞረች ትስተካከላለች። በሲሊንደር ጋዝ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገብታ መቀመጥ ያለባት ስለሆነች ማላላቱን መፍትሔ አያድርጉት። ለመመሪያ መጽሐፉ ወይም ለባለሙያ ይተዉት።

ድስት ሲቀመጥ ወይም ከቆየ በኋላ የሚጠፋ

ለበርነሩ የማይመጥን ሰፊ ድስት እሳቱን ያፍናል፤ የተቃጠለው አየር መውጫ ሲያጣ አዲስ አየር አይገባም። የድስት ማስቀመጫው የአንዱ በርነር በሌላው ላይ ከተቀመጠ፣ ወይም እግሩ ላይ ያለው ጎማ ወልቆ ዝቅ ካለ ውጤቱ ያው ነው። ገንፍሎ የሚፈስ ፈሳሽም ቴርሞካፕሉን በአንድ አፍታ ያቀዘቅዘዋል።

ነፋስ የሚናቅ አይደለም። በመስኮት የሚገባ ሽውታ ወይም ከምድጃው ሥር ያለው ቁም ሣጥን በኃይል ሲዘጋ የሚፈጠረው የአየር ግፊት ዝቅተኛ እሳትን ያጠፋል። መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ማፈን ግን መልስ አይሆንም፤ የሚነድ ጋዝ ንጹሕ አየር ይፈልጋል።

ለሰዓት ያህል ደህና ነዶ እየደከመ የሚሄድ እሳት ከሆነ ወደ ሲሊንደሩ ይዙሩ።

ሁሉም በርነሮች ሲደክሙ

ሲሊንደሩን በማንሳት ክብደቱን ይገምቱ ወይም ይመዝኑ፤ ሊያልቅ የተቃረበ ጋዝ ግፊቱ ይወርዳል። ቅዝቃዜም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ከራሱ ሙቀት ይወስዳል፤ ብዙ በርነር ለረጅም ጊዜ ሲነድ ሲሊንደሩ ላብ ያወጣል፣ አንዳንዴም በረዶ ይይዛል። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መትነኑን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። የቀዘቀዘ ሲሊንደርን በእሳት ወይም በፈላ ውኃ ለማሞቅ በፍጹም አይሞክሩ፤ እንዲያርፍ ይተዉት።

ጎማው የተጠማዘዘ ወይም በምድጃው ክብደት የተጫነ እንዳይሆን ይፈትሹ። ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ፣ ሬጉሌተሩ፣ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ያንብቡ። የቤት ምድጃዎች በአብዛኛው ለቡቴን ከ28 እስከ 30፣ ለፕሮፔን 37፣ ለተፈጥሮ ጋዝ 20 ሚሊባር ያህል ይፈልጋሉ። ለትልልቅ ማብሰያ የተሠራ ከፍተኛ ግፊት ያለው ሬጉሌተር በቤት ምድጃ ላይ ከተገጠመ እሳቱ ከቀዳዳው ተነቅሎ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ይጠፋል። አንዳንድ ሬጉሌተሮችና ቫልቮች ደግሞ ጋዝ በድንገት ሲሮጥ ራሳቸውን የሚያግዱ ናቸው፤ ስለዚህ የሲሊንደሩን ቫልቭ ሁልጊዜ በቀስታ ይክፈቱ።

አዲስ ምድጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልቆይ ካለ ኖዝሉ ለየትኛው ጋዝ እንደሆነ ያጣሩ። የሲሊንደር ጋዝ ጠባብ ቀዳዳ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። ተለዋውጦ ከተገጠመ እሳቱ ወይ እጅግ ትንሽ ይሆናል፣ ወይ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ያጠቁራል። የማያቋርጥ ቢጫ እሳት በአግባቡ አለመቃጠሉን ያሳያል፤ እንዲህ ያለው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል። ምድጃው ሲነድ ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማዎ አጥፍተው ይውጡ።

ከተገጣጠመ በኋላ

ሁሉንም ከመለሱ በኋላ የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፍተው፣ ማዞሪያዎቹ ተዘግተው እያለ፣ በሳሙና አረፋ መገናኛዎቹን ሁሉ ይቀቡ፦ ሬጉሌተሩ ላይ፣ የጎማው ሁለት ጫፎች ላይ፣ የደረሱባቸው ሌሎች ቦታዎች ላይ። የሚያብጥ አረፋ ካዩ ጋዝ እየወጣ ነው፤ ዘግተው ያስተካክሉ ወይም ያሠሩ። በክብሪት አይፈትሹ።

ቀጥሎ በርነሩን ለኩሰው በከፍተኛው አሥር ደቂቃ፣ በዝቅተኛው አሥር ደቂቃ፣ ውኃ ያለበት ድስት ጥደውም ትንሽ ያቆዩት። ሲያጠፉት ጆሮዎን ያቅርቡ፤ ጫፉ ሲቀዘቅዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ማግኔቱ ቫልቩን ሲለቅ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

የመጨረሻው ፈተሻ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረግ ነው። መስኮቱን ይክፈቱ፣ ብልጭታ ሳይሰጡ ማዞሪያውን ለአንድ ሴኮንድ ብቻ ከፍተው ይጫኑና ጣትዎን ያንሱ። ሲጫኑ የተሰማው የጋዝ ሽውታ ጣትዎ ሲነሳ ወዲያው መቆም አለበት። ከቀጠለ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ተጣብቋል፤ ማዞሪያውን መልሰው፣ ሲሊንደሩንም ዘግተው፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ በምድጃው አይጠቀሙ።